ክንፍ ያለበስኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመን ስንጫወት፣ ከአስመራ ጀምሮ የማውቃት አንዲት ጓደኛዬ «እንኳን ደስ አለሽ፤ እንግዲህ ሽማግሌ ከማንሳትና ከማስተኛት ተገላገልሽ» አለችኝ። ሮም ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለች የአገራችን ሴት ሁሉ የሰው አባትና እናት ስትጦር የኖረች ስለሚመስላት አልፈረድኩባትም። «እኔ እኮ አውሮፕላን ነው የማለብሰው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ስንት ዓመት ስንገናኝ ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ በወጉ ነግሬያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። አሁን እጄ ሥራ ስለፈታ፣ ለእሷም ለሌላውም እንዲሆን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ስሜ አልጋነሽ ነው። አስመራ ተወልጄ፣ በደርግ ጊዜ በአማርኛ ተምሬ፣ ስፌትን ደግሞ ከካቶሊክ መነኮሳት ለምጄ ነው ሮም የመጣሁት። እንደ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሰው ቤት ገባሁ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሲስተካከል ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ፒኜቶ ውስጥ ሶፋና ወንበር የምታለብስ ማርቼላ የምትባል ሴት ዘንድ ተቀጠርኩ። ማርቼላ ጮኸ ብላ የምትናገር፣ ልቧ ግን ለስላሳ የሆነ ሰው ነበረች። ቆልማማ መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስሜ ስለረዘመባት «አልጋ» ብላ አሳጠረችው። በጣሊያንኛ አልጋ ማለት የባሕር ሣር ነው። ለእኔ ያው መኝታ ነው። ለዓመታት በዚህ ስም ስጠራ የገረመው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ፀጉራቸው የነጣ፣ ቀጭን ሰውዬ በብብታቸው ጎበጥ ያለች የእንጨት ሥራ ይዘው ሱቃችን ገቡ። ማርቼላን «ዓይን በማያየው ቦታ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ሰው አለሽ?» ብለው ጠየቋት። «አልጋ» ብላ ጠራችኝ። ሰውዬው ፊቴን አዩ፣ ማርቼላን አዩ፣ ከዚያ በጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ «አልጋነሽ ነሽ ወይስ አልጋዬ?» አሉኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

ኡምቤርቶ ይባላሉ። አባታቸው ጣሊያናዊ መካኒክ፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ። ፒያሳ ተወልደው አድገው፣ ጎልማሳ ሆነው ነው ሮም የመጡት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቤርቶ አልኳቸው። ሥራቸው ያረጁ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ማደስ ነበር። እነዚህ አውሮፕላኖች ክንፋቸው ቆርቆሮ አይደለም። ውስጡ እንደ በግ ጎድን የተደረደረ ስስ እንጨት ነው፤ በላዩ ጨርቅ ይለብሳል። ይዘውት የገቡትም አንድ የክንፍ ጎድን ነበር። ጨርቁን ከጎድኑ ጋር የሚሰፋላቸው አንድ የቆየ ሠራተኛ ነበራቸው፤ ሞተባቸው።

መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የምሄደው። ማርቼላ ኪራዩ አልቻል ብሏት ሱቋን ለመጠጥ ቤት ስትለቅ፣ ጠቅልዬ ጋሽ ቤርቶ ጋር ገባሁ። ጠዋት ከቲቡርቲና ባቡር ይዤ ወደ ሰሜን እወጣለሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ። ቴቬሬ ወንዝ ዳር፣ ማኮብኮቢያው ሣር የሆነ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ አለ። ከሜዳው ዳር ባለው ሃንጋር፣ በበጋ እንደ ምድጃ በክረምት እንደ ጉድጓድ በሚሆን ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ቀሪ የሥራ ዘመኔን አሳለፍኩ። ደመወዙ ከሶፋው ብዙም አይበልጥም ነበር። ግን አንድም ቀን ጠዋት መነሳት ከብዶኝ አያውቅም።

ስለ ጋሽ ቤርቶ ልማድ ልናገር። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እንደ ቀዶ ሐኪም እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ላብ ያለበት እጅ ሙጫ ያበላሻል ይሉ ነበር። ምሳ የሚበሉት ቆመው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሚዛን ይወዳሉ። ዱቄት የምንመዝንባት ዓይነት የወጥ ቤት ሚዛን ጠረጴዛቸው ላይ አለች። ከአውሮፕላን ላይ የሚፈታ ነገር ሁሉ ተመዝኖ የኮክ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሚገጠምም ይመዘናል። ቀለም ከመቀባታችን በፊት የመዳፍ ያህል ጨርቅ ቆርጠው ይመዝኑና፣ አንድ እጅ ቀብተው ሲደርቅ እንደገና ይመዝናሉ። አንዲት ቁራጭ ብረት እጄ ላይ ያስቀምጡና «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይሉኛል። እጄ እስኪዝል አስይዘውኝ ይቆዩና «አሎራ፣ እንግዲህ ይቺ ነገር አየር ላይ ምን ሥራ አላት?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ካጣሁላት ሣጥን ውስጥ ትገባለች።

ሁለተኛው ልማዳቸው ማንኳኳት ነው። ትንሽ የናስ መዶሻ ነበራቸው። ክንፍ ከመልበሱ በፊት እንጨቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያች መዶሻ ቀስ እያሉ ያንኳኳሉ። በደንብ የተጣበቀ እንጨት ይጮኻል፤ ሙጫው የለቀቀው ድምፁ ይደፈናል። በሚያንኳኩበት ጊዜ ሃንጋሩ ውስጥ ማንም አያወራም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስሰማ ኖሬ፣ ሳላውቀው ጆሮዬ ተማረ።

ብዙ አውሮፕላን አልብሻለሁ። የማልረሳው ግን አንዲቷን ነው። ባለቤቶቿ «ዚያ» ይሏታል፤ አክስት ማለት ነው። ክንፏ ከሆዷ በታች የሆነ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥባት፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ የእንጨት አውሮፕላን ነበረች። አባትየው በወጣትነታቸው ገዝተዋት፣ ልጃቸው መብረር የተማሩት በእሷ ነው። ልጅየው አሁን ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው። ሁላችንም ዶቶሬ ነበር የምንላቸው። ሚስታቸው ሲኞራ ሊቪያ ይባላሉ።

ዶቶሬ ወደኛ የመጡት ሁለት ችግር ይዘው ነው። አንደኛው ጉልበታቸው ነበር። ዚያ የምትነሳው አፍንጫዋ ላይ ያለውን ኤሊካ፣ አየሩን የሚቀዝፈውን መዘውር፣ በእጅ አሽከርክሮ ነው። ቀዶ ሕክምና ያለፈበት ጉልበት ደግሞ ኤሊካ አሽከርክሮ በፍጥነት ወደ ኋላ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ እንደ መኪና በቁልፍ የሚያስነሳ ሞተሪኖ፣ ለእሱ የሚሆን ባትሪ፣ በእጅ የሚያዝ ፍሬን እንዲገባላት ፈለጉ። ሁለተኛው ችግር ዓይናቸው ነው። ለትልቁ አውሮፕላን ፈቃድ የሚጠየቀውን ምርመራ አላለፉም፤ ለቀላሉ መደብ ግን ይበቃል ተብለዋል። ዚያን ማብረር የሚችሉት እሷ በቀላሉ መደብ ውስጥ እስከቆየች ድረስ ብቻ ነው። የመደቡ ሕግ አውሮፕላኗ ራሷ፣ ሁለት ሰው፣ ነዳጅና ዕቃ ተደምሮ ከስድስት መቶ ኪሎ አይለፍ ይላል። ዚያን የሠሯት ሰዎች የፈቀዱላት ደግሞ ከዚያም ጥቂት ያንሳል።

ጋሽ ቤርቶ ሦስት ሚዛን ከጎማዎቿ ሥር አስገቡና መዘኗት። ከዚያ ዶቶሬን ዞር ብለው አይተው «ሞተሪኖውን ከነባትሪው ካስገባሁልህ፣ ወይ ነዳጁን ወይ ሊቪያን ሜዳው ላይ ትተዋለህ» አሏቸው።

«ያለ ሊቪያ አልበርም» አሉ ዶቶሬ።

«ያለ ነዳጅ ደግሞ አይበረርም» አሉ ጋሽ ቤርቶ። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ «ልብሷን እያት እስቲ» አሉኝ።

አየኋት። በቀዩ ቀለም ሥር ነጭ፣ በነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቀይ ነበር። ያደሳት ሁሉ አሮጌውን ሳያነሳ በላዩ ቀብቷታል። ገፍፌ ስጨርስ የተቀዳደደውን ጨርቅ በጆንያ አድርገን ሚዛን ላይ ሰቀልነው፤ ሚዛኑን ሲያነቡ ጋሽ ቤርቶ ፈገግ አሉ። «ሞተሪኖው ተገኘ» አሉ። ቀለል ባለ ጨርቅና በስስ ቀለም ካለበስናት ለሞተሪኖውና ለባትሪው ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። የዶቶሬን አሮጌ ወንበር ውስጡ ያለውን ሽቦ አውጥቼ በቀላል ስፖንጅ ለወጥኩት። የሞተሩን ሥራ ጋሽ ቤርቶ ያዙ። ባትሪውን የት እንደሚያስቀምጡት ብቻ ሳምንት አሰቡ፤ ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳ ቦታው ካልሆነ አውሮፕላን ጅራቷ ይከብዳል ወይም አፍንጫዋ ይደፋል።

ክንፎቹን አንኳኩተው «ደህና ነው፣ አልብሻት» ሲሉኝ ፀደይ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ጨርቁን ጠርዝ ጠርዙን በሙጫ አያይዛለሁ። ከዚያ በካውያ እተኩሰዋለሁ፤ ሲሞቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ካውያው ከልክ በላይ ከሞቀ ግን ጨርቁ ይሞትና መልሶ አይወጠርም፤ ስለዚህ የካውያውን ሙቀት እየለካሁ ነው የምሠራው። ቀጥሎ ስፌቱ ይመጣል። ሰም የተቀባ ክር በረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች ክንፉን አሳልፌ፣ ጎድኑን አቅፌ፣ ወደ ላይ መልሼ እቋጥራለሁ። ቋጠሮው አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዳይፈታ ሆኖ ነው የሚታሰረው። የተሰፋው መስመር ላይ ስስ ጥብጣብ ይለጠፋል፤ ከዚያ ቀለም። የዚያን ጊዜ ሥራዬ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር። ዶቶሬና ሲኞራ ሊቪያ እሑድ እሑድ እየመጡ ክንፉን በመዳፋቸው ይዳስሱት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የቀኙን ክንፍ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ ሳለ፣ ጣቴ ላይ የማጠልቃት የብረት ቆብ ክንፉን ነካችው። ጨርቁ የተለጠፈበት ኮምፔርሳቶ፣ ከሥሩም ክንፉን የሚሸከመው ዋናው እንጨት ያለበት ቦታ ነው። ድምፁ ደስ አላለኝም። ትንሽ ራቅ ብዬ ነካሁት፤ ጮኸ። ተመልሼ ነካሁት፤ ተደፈነ።

«ጋሽ ቤርቶ፣ እስቲ እዚች ጋ ያንኳኩልኝ» አልኳቸው።

መዶሻቸውን አውጥተው አንኳኩ። «ደህና ነው» አሉ።

«እዚህስ?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

ለእኔ ሁለቱ ድምፆች ፈጽሞ አይገናኙም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስልክ ሲጠራ ማንሳት ከተዉ እንደቆዩ ትዝ አለኝ። ሰው ሲያናግራቸው ፊታቸውን ዞር አድርገው አፉን ያያሉ። ራዲዮናቸውን ስንቀንስባቸው ይቆጡ ነበር። እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ከመዶሻዋ ጋር አያይዤው አላውቅም።

እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ እንደገና አንኳኳሁ። ያው ነው። ሲመለሱ አጠገባቸው ሄድኩ። ሃንጋሩ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ በአማርኛ መሆኑ ጠቀመኝ። ጮክ ብዬ ማውራት ነበረብኝ፤ የሚገባው ግን ለሁለታችን ብቻ ነው።

«ጋሽ ቤርቶ፣ አይቆጡኝ። እዚያ ጋ እንጨቱ የሚያወጣው ሁለት ዓይነት ድምፅ ነው። እርስዎ አንድ ነው አሉኝ።»

«እና?»

«እና... የሚሰሙት አልመሰለኝም።»

መዶሻዋን በእጃቸው አገላበጧት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ወደ ክንፉ ሄዱ፤ ጆሯቸውን ጨርቁ ላይ አስጠግተው አንኳኩ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሁለት ሰው ሊሳፈርባት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ቢላዋውን አምጪልኝ።»

እኔ ልቁረጠው ብላቸው እምቢ አሉ። ያን ሁሉ ወር የሰፋሁትን ጨርቅ ራሳቸው ከጫፍ ጀምረው ቀደዱት። የተወጠረ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ልብ ይቆርጣል። ኮምፔርሳቶው ሲገለጥ ስስ ቢላዋ በሥሩ አስገቡ። አንድ አካል መሆን የነበረባቸው ሁለት እንጨቶች መካከል ቢላዋው ያለ ምንም ከልካይ ሰተት ብሎ ገባ። አሮጌው ሙጫ ዱቄት ሆኗል። በዚያ ክንፍ ቢበሩ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም መናገር አላስፈለገውም። ጋሽ ቤርቶ ወጡና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አልተከተልኳቸውም።

በማግስቱ ዶቶሬን በስልክ ጠራሁላቸው። ሲመጡ ጋሽ ቤርቶ ማንንም ሳያስቀድሙ «ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ጆሮዬ ሄዷል፤ አላወቅኩም ነበር» አሉ። ሲኞራ ሊቪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዶቶሬ የተከፈተውን ክንፍ አይተው ጋሽ ቤርቶን ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ኡምቤርቶ፣ የእኔን ዓይን መርምሮ ከእንግዲህ አይሆንም ያለኝ ሐኪም እኔው ያስተማርኩት ልጅ ነው። ቤቴ ስደርስ መነጽሬን መሬት ላይ ወረወርኩት። አንተ ግን ቢላዋ አነሳህ።» ከዚያ ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው «ሰኞ የማውቀው የጆሮ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

ጋሽ ቤርቶ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ክንፉን እስከ አጥንቱ አፍርሰን ሠራነው። የግራውንም ከፈትን፤ ማንም ከእንግዲህ በግምት አይተወውም። ስናንኳኳ መዶሻዋን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ጋሽ ቤርቶ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ዘርግተው የእኔን ፊት ያያሉ። ድምፁ ሲለወጥ ቆም እላለሁ፣ እሳቸው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። የጆሮ መሣሪያ ከተገጠመላቸው በኋላም በዚሁ ቀጠልን። መሣሪያው ሰውን እንጂ እንጨትን አያሰማም አሉኝ።

አዲሱ እንጨትና ሙጫ ግን ክብደት ጨመረ። አስልተን ስናበቃ፣ ዶቶሬ እንደፈለጉት፣ አባታቸው ቀብተዋት እንደነበረው ደማቅና የሚያብረቀርቅ ቀይ ልንቀባት እንደማንችል ታወቀ። የሚያብረቀርቅ ቀይ ብዙ እጅ ይፈልጋል።

ጋሽ ቤርቶ ነገሩን አሳጥረው «ቀዩ ቀለም ነው ወይስ ሊቪያ?» አሏቸው።

ዶቶሬ ለአፍታ አሰቡ።

«ቀስ ብለህ አስብበት፤ እኔ እዚህ ቆሜ እሰማለሁ» አሉ ሲኞራ ሊቪያ።

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ ሃንጋሩ ውስጥ የተሳቀው የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ቀዩ ጭራዋ ላይ ብቻ ቀረ። ሌላው አካሏ ጨርቁን ከፀሐይ የሚጠብቀውን የብር መልክ ያለው ቀለም ብቻ ለብሶ ወጣ። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስሰፋት የመጀመሪያውን ያህል አላማረልኝም፤ ልቤ ፈርቶ ነበር። ስፌቱ ግን ጠነከረ።

የተመዘነችው በመስከረም አንድ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ነው። ጋሽ ቤርቶ ሦስቱን ሚዛን አነበቡ፣ ደመሩ፣ እንደገና ደመሩ። ዶቶሬ፣ ሲኞራ ሊቪያ፣ ደርሶ መልስ የሚበቃ ነዳጅ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሐብሐብ የሚሆን ቦታ ተርፎ ነበር። የፈቃዱን ወረቀት ዶቶሬ ጨረሱ። መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ ከሲኞራ ሊቪያ ጋር በረሩ። ጋሽ ቤርቶ ቀና ብለው እያዩ ሞተሩ ይሰማኛል ብለው ነገሩኝ። አመንኳቸው።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ወደ ሃንጋሩ የሚመጡት ሲሻቸው ሆነ፤ እኔ ትከሻዬ እስኪያመኝ ድረስ ሠራሁ። ክር ወደ ላይ መሳብ ሲያቅተኝ ጊዜው እንደደረሰ ገባኝ።

ጡረታ ልወጣ የቀረኝ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲኞራ ሊቪያ ሃንጋሩ ድረስ መጥተው «ዛሬ የእኔ ወንበር ላይ አንቺ ነሽ የምትቀመጪው» አሉኝ። ያን ያህል ክንፍ ሳለብስ በአንዱም ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ሲጋብዙኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ፤ እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። ጋሽ ቤርቶ የፕላስቲክ ወንበር አስወጥተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዶቶሬ ያለ ምንም ይሉኝታ ስንት ኪሎ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ በዚህ ሙያ ነውር የለውም። ነገርኳቸው። «ቫ ቤኔ፣ ይሆናል» አሉ።

ሣሩ ላይ እየነጠርን ስንሮጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። መንጠሩ ድንገት ሲቆም ከፈትኩት። ወንዙ ከሥራችን ይጠማዘዛል። የሃንጋሩ ጣሪያ የክብሪት ሣጥን አክሏል። ከዚያ ወደ ክንፉ ዞርኩ። መሬት ላይ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ዝርግ ነው፤ ስንት ዓመት ያየሁት እንደዚያ ነው። አሁን ግን በየጎድኖቹ መካከል ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነፍቷል። አየሩ ከላይ ይስበዋል። ጎድኑ ላይ ሲደርስ የእኔ ክር ወደ ታች ይይዘዋል። ከአንዱ ጎድን ወደ ሌላው፣ እስከ ክንፉ ጫፍ ድረስ፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር።

ስናርፍ ወረድኩ። ጋሽ ቤርቶ ከወንበራቸው ሳይነሱ «እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ጨርቁ ይነፋል፤ ክሩ ግን ይዞታል፤ አንዱም አልላላም» አልኳቸው።

«ስለ ጨርቁ መቼ ጠየቅኩሽ?»

አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬን በሥራ ሽርጤ ጠረግኩና፣ ጎማው መሬቱን ከለቀቀበት ጀምሬ ያየሁትን ሁሉ አወራላቸው ጀመር።